አያ ካሳዬ የሚወዷት መካኒክ

የግዙፍ ሮቦት ፊልም ሰው ሊያይ ብሎ የሚገባ ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ ሰቆጣ አንድ አውቃለሁ፤ ልብስ ሰፊው አያ ካሳዬ ናቸው። ተራራ የሚያካክሉ ሮቦቶች ከተማ ሲያፈርሱ ቪዲዮ ቤቱ በፉጨት ይናጋል። እሳቸው ግን ሮቦቶቹን የምትጠግነውን መካኒክ ይጠብቃሉ። እሷ ደግሞ ብቅ ብላ ወዲያው ትጠፋለች። ፊልም ሠሪዎቹ ከዚያ ሁሉ ብረት መሀል ሰው የሚመርጥ ይኖራል ብለው መች አሰቡ?

ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ሮቦት እሷ ያለችበትን ጋራዥ ረገጠው። አያ ካሳዬ ተነሡና እንደ ኳስ ዳኛ እጃቸውን ዘርግተው፣ «አቁሙት፤ ልጅቷ ወጥታለች?» አሉ። ቤቱ ተንጫጫ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ፊልሙን አቁሞ፣ «አያ፣ ይቺን ልጅ ምኗን አይተው ነው እንዲህ የወደዷት?» ሲል ጠየቃቸው።

«ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች» አሉ። «ልጄ አልማዝም እንዲሁ ናት። ጅዳ ከሄደች ወዲህ ድምፅዋን በስልክ እሰማለሁ፤ ስትስቅ ግን አላየኋትም።»

ባለቤቱ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰና መካኒኳ የምትስቅበት ላይ አቆመው። ሮቦት ሊያዩ የመጡትም ሁሉ አብረው እሷን ያዩ ጀመር። አያ ካሳዬ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው፣ «እስቲ እጅሽን አውርጂው» አሏት።