በትራክተር የተለበደ መጽሔት

አንባቢዬ፣ መጽሔት የሚፈራ ሰው አይተው ያውቃሉ? የጂማው ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ጋሽ ከድር ከአብዮቱ በፊት የመጣ የፈረንጅ የሞተር መጽሔት ነበራቸው፤ ብሎን በብሎን ያሳያል። ኋላ ከሶሻሊስት አገሮች የሚመጣው ግን ግማሹ ሰልፍ፣ ግማሹ ትራክተር ሆነ። የድሮው የኢምፔሪያሊስት ነው እንዳይባልባቸው በአዲሱ ሽፋን ለበዱት።

አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ ከሰርቦ መንገድ ሞተሩን እየገፋ መጣ። መጽሔቱን አንስቶ ገለጠ። እኔ፣ ረዳታቸው፣ የወደቀ ብሎን የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

«የድሮው ነው?» አለ።

«ወላሂ፣ ሥዕሉን ብቻ ነው የማየው» አሉ ጋሽ ከድር።

ካድሬው በሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «የካርቡራተሩ ገጽ አለ? በእኛዎቹ መጽሔቶች ያለው ትራክተር ብቻ ነው።»

ሞተሩ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ከድር ካድሬውን፣ ካድሬው ጋሽ ከድርን፣ ሁለቱም እኔን ይፈራሉ። እኔ ደግሞ ይህን ስላወራሁዎ፣ እርስዎን።