ለሾፌር ሁሉ አንድ ትምህርት

ኧረ ቆዩኝ፣ ሆዴን ልያዝ! ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ሳቁ ይቀድመኛል። እናንተም አብራችሁኝ ሳቁ፣ ዋናው ገና ወደ ኋላ ነው። ሳቄ ግን እንባም እንዳለበት ከወዲሁ ልንገራችሁ።

መቼም መንግሥት አዋጅ ሲያወጣ ለክፉ ብሎ አያወጣም። ሾፌር ሁሉ፣ የትም ይንዳ የት፣ አንድ ዓይነት ትምህርት ተምሮ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመልስ፤ ያልመለሰ መንጃ ፈቃዱን ያስረክብ ተባለ። እሰየው አልኩ! ከሂርና በታች ገበያተኛ እንደጫነ ገደል የገባውን መኪና ያየ ሰው እሰየው ካላለ ልብ የለውም። የእኛ አገር ሾፌር የሚማረው ከአለቃው ጎን ተቀምጦ ነው፤ አለቃው ጠጪ ከሆነ መጠጡንም ጨምሮ ይማራል።

ታናሽ ወንድሜ ግርማ ግን የተማረው ከደህና ሰው ነው። ከመቻራ ቡና ጭኖ፣ አሰበ ተፈሪ አድሮ፣ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ሲያወርድ ሃያ ዓመቱ፤ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ፊደል ግን አልቆጠረም። እኔ ደግሞ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት እስክደግም ቆይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የተማርኩት ትዳር ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ሲከፈት ቤት ላስጠናው ብዬ አብሬው አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪው አግዳሚው ላይ ያለውን ሁሉ መዘገበ። እኔንም መዘገበኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ነጭ መስመርና ስለ ቀይ መብራት ተማርን። ከሚኤሶ እስከ ሂርና ነጭ ነገር ቢኖር የግመል ወተት ነው፤ ቀይም ቢኖር በርበሬ። እኔ መጽሐፉን እንደ ዳዊት በዜማ ከዳር እስከ ዳር ሸመደድኩት። ግርማዬ አጠገቤ ጭንቅላቱን ይዞ ያልበው ነበር።

«እቴቴ፣ እጄ የሚያውቀውን ለምን አፌን ይጠይቁታል?» አለኝ አንድ ቀን። እኔ መጽሐፉን ገልጬ ዜማዬን ቀጠልኩ።

ፈታኙ ከሐረር አሰበ ተፈሪ መጣ። የመፈተኛው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀርቶ እሱ በአውቶቡስ ደረሰ። እንግዲያው መንዳቱ ይቅር፣ ቃሉ ይበቃል ተባለ። ግርማ ተጠራ።

«ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ቢልህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«አህመዶ! ብዬ እጣራለሁ።»

«አህመዶ ደግሞ ማነው?»

«ረዳቴ ነዋ! እኔ ማርሽ እቀንሳለሁ፣ እሱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ይጥላል። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው።»

«መጽሐፉ ውስጥ አህመዶ የሚባል ሰው የለም» አለና አንድ ነገር ጫር አደረገ።

ይሄኔ አፌ አላስቻለኝም። ብድግ ብዬ መልሱን በዜማ ለቀቅኩት። ፈታኙ ሌላ ጠየቀ፣ መለስኩ፤ ደግሞ ጠየቀ፣ ደግሞ መለስኩ። ወንድሜን የማግዝ መስሎኝ እኮ ነው! ሰውየው መዝገቡን ገለጠ፣ ስሜን አገኘው። ደንቡ የሚለው «አንድ ቀን ሳይቀር የተማረና የመለሰ ሁሉ ይሰጠው» ነው፤ መሪ ነክቶ ያውቃል ወይ አይልም። ለእኔ መንጃ ፈቃድ ጻፈልኝ። የግርማን ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ምን ልበላችሁ። ዛሬ ግርማ በዚያው መኪና ላይ ጆንያ ጫኝ ነው። የሚነዳው ጥያቄውን ሁሉ የመለሰ ሌላ ሰው ነው፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ግርማ ከጆንያው ላይ ሆኖ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አህመዶም ታኮውን እንዳቀፈ «ያ ረቢ!» ይላል። ሦስት ጊዜ አቤቱታ አስጻፍን። ሦስቴም «ደንቡ ለሾፌር ሁሉ አንድ ነው» የሚል አንድ ዓይነት መልስ መጣ። እኔም ፈቃዴን ሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ አውጥቼ ሳየው እስቃለሁ፣ ከዚያ ሣጥኑን እዘጋለሁ።

ዋናው ያልኳችሁ ግን የዚያኑ ዕለት የሆነው ነው። ፈታኙ ለባቡሩ ሚኤሶ የሚያወርደው መኪና አጣ። ከተማው ውስጥ የቆመው ግርማ የሚነዳው የቡና መኪና ብቻ ነበር። ግርማ ደግሞ «ያለ ፈቃድ አልነዳም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ቆመ። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ የነጂው ወንበር ላይ ጉብ አልኩና፣ «ይግቡ ጌታዬ፣ ፈቃድ ያለኝ እኔ ነኝ!» አልኩት። ቁልቁለቱን አየ። እኔን አየ። ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘና እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይውረዱልኝና ወንድምዎ ይንዳ፤ እኔ ልጆች አሉኝ።»