ቅጣት ፍለጋ ሞጣ ድረስ

የክርስትና ስም እንዴት ያለ ጥሩ ነገር ነው! እናት፣ የንስሐ አባትና እግዜር ካወቁት ይበቃል። ሌላው ሰው ለጸሎት ያውለዋል። እኔ ግን ወፍጮ ገዛሁበት። ይኸው፣ ሁለት ዓመት የደበቅሁትን ዛሬ ላውጣው፤ ብቻ እያያችሁኝ አትሳቁ።

ቢቸና ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። ግብር የዜጋ ግዴታ ነው እያልኩ የምጮኸው እኔው ነኝ። ታዲያ ሞጣ አንድ አማካሪ ተነሣ። ዘዴው ቀላል ነው። ወፍጮው በሥራ አጥ ወጣቶች ማኅበር ስም ይቋቋማል፤ ወጣቶቹ የግብር እፎይታ አላቸው። ገንዘቡን የምናወጣው፣ ትርፉንም የምንበላው እኛ ባለደመወዞቹ ነን። ሕግ መጣስ አይሆንም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ኧረ ዞር ብሎ ማለፍ ነው አለኝ። እኔም ዞር አልኩ።

ዓይነ አፋር ስለሆንኩ ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ሄድኩ። አማካሪው ስም ሲለኝ «ወለተ ማርያም» አልኩት። መታወቂያ እንኳ አልጠየቀኝም። ገንዘቤን ግን ደህና አድርጎ አወቀው።

ኋላ ወጣቶቹ፣ ወፍጮ ቤት የሚውለው ስማችን ብቻ ነው እንዴ ብለው ተነሡ። ጉዳዩ ግብር ቢሮ ገባ። ወፍጮው ተሸጠ፤ ገንዘብ ያወጡት ሁሉ ይቀጡ ተባለ። አማካሪውስ? እኔ የሸጥኩት ምክር ነው አለና ነጻ ወጣ።

የሒሳብ አስተማሪያችን መምህር ጌትነት ከተቀጪዎቹ አንዱ ነው። መንገዱን ያሳየን ቤቱ ተኝቶ የሄድንበት እንቀጣ፣ ይኼ ምን ዓይነት ፍርድ ነው እያለ መምህራን ክፍሉን አናወጠው። ሌሎቹ ደግሞ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ብለው ተረቱበት። ለኔ ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። ግብሩን እየከፈለ የሚፈጨው ጎረቤት ወፍጮ ቤትስ ምን በደለ?

ነገሩ የከፋው በኋላ ነው። የጠፋችው ወለተ ማርያም ቅጣት በተገኙት ላይ ይከፋፈል ተባለ። የኔን ቅጣት ጌትነት ሊከፍል! እኔ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጬ ፈተና አርማለሁ። ጨክኜ ሞጣ ሄድኩ።

የቢሮው በር በሴት ተሞልቷል። ምን ተገኘ ብል፣ ሁሉም ወለተ ማርያም! ለካ ቢሮው፣ ወለተ ማርያም የተባሉት ቀርበው ቅጣታቸውን ይክፈሉ፣ ከሽያጩ የተረፈውን ድርሻቸውንም ይውሰዱ ብሎ አስነግሯል። ወሬው ገበያ እስኪደርስ ቅጣቱ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ለድርሻ ከሆነማ ሞጣ ላይ ወለተ ማርያም ያልሆነች ሴት ማን አለች?

ተራዬ ደረሰ። እውነተኛዋ እኔ ነኝ አልኩ።

«እርስዎም? አስተማሪ ሆነው አያፍሩም?» አለኝ ሠራተኛው።

አፍራለሁ አልኩት። ድርሻው ይቅርብኝ፣ ቅጣቱን ብቻ ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። አሁን የወጣችውም እንደዚያው ብላ ነበር፣ ምስክር ያምጡ አለኝ። አያችሁ? ግብር ለመሸሽ ስም ብቻ በቃኝ፤ ለመቀጣት ግን ሰው ያስፈልጋል!

ማንን ላምጣ? ቢቸና ተመልሼ ለጌትነት ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። «አንቺ!» አለኝ። በማግሥቱ አብሮኝ ተሳፈረ፤ እስከ ሞጣ ድረስ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ነው።

ሠራተኛው፣ እሷ መሆኗን በምን አወቁ ብሎ ጠየቀው።

«ያቺን ወለተ ማርያም መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ስረግማት ሁሉም አሜን ይላል» አለ ጌትነት። «አንድ ቀን እንኳ አሜን ያላለችው ይቺ ብቻ ናት።»

ሠራተኛው ማኅተሙን አነሣ። እግዜር ይስጠው፣ ቅጣቱ ተፈረደልኝ።