የዞኑን መምህራን ሁሉ ያዛወርኩበት ቀን

ዓይኑ የደከመ ሰው ዓይኑን የሚወቅሰው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ አምፖሉን ይወቅሳል፣ ቀጥሎ ማተሚያ ቤቱን፣ ከዚያ መንግሥትን። መነጽር ትዝ የሚለው ሌላ የሚወቀስ ሲያጣ ነው። እኔ ግን የዞኑን ትምህርት መምሪያ ድረ ገጽ ወቀስኩ፤ ወቀሳዬንም እስከ ዛሬ አላነሣሁም።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። እኔ መካነ ሰላም ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ትርንጎ ደግሞ ወረኢሉ ታስተምራለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ትዳራችን በአውቶቡስ መስኮት ነው የኖረው። በየዓመቱ ዝውውር እጠይቃለሁ፤ በየዓመቱ "ቦታ የለም" እባላለሁ። ዘንድሮ በመንፈቅ ዓመቱ ማብቂያ ውጤቱ በድረ ገጽ ወጣ ተባለና ስልኬን ከፈትኩ። ምን ልበላችሁ! ፊደሉ የተልባ ፍሬ ያህላል፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ አረንጓዴ ነው። ከጀርባው አደይ አበባ ተነስንሶበታል። በላዩ ላይ ደግሞ "እንኳን በደህና መጡ" የሚል ጽሑፍ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። ስሜን ልፈልግ ወይስ አበባ ልልቀም?

ስልክ መጠገኛ ሱቅ ያላት ከድጃ ዘንድ ሄድኩ። ከድጃ ሪያድ ሠርታ የተመለሰች ናት፤ የስልክን ነገር የተማረችው እዚያ ከአሠሪዎቿ ልጆች ነው።

"አብሽሩ፣ መምህር" አለችኝ። "የድረ ገጹ ባለቤት እንደወደደ ይቀባዋል፤ እርስዎ ደግሞ እንደሚመችዎ አድርገው ያነቡታል። ስልኩ የእርስዎ አይደል?"

ብሮውዘሩን ከፍታ ነካ ነካ አደረገችው። አበባው ረገፈ። ተንሸራታቹ ጽሑፍ ጠፋ። ፊደሉ ሁሉ ባቄላ አክሎ፣ ጥቁር በነጭ ሆኖ ቁጭ አለ። በገዛ ቤቴ እንኳ እንዲህ ያለ ሥልጣን ኖሮኝ አያውቅም! በጣቴ ወደ ታች ስወርድ ስሜን አገኘሁት፤ ከጎኑ "ከመካነ ሰላም ወደ ወረኢሉ" ይላል።

"ማሻአላህ!" ብላ ከድጃ እልልታዋን አቀለጠችው።

ከዚያማ ማን ይቻለኝ? አልጋዬን ለጎረቤት ሰጠሁ፣ የተከራየሁትን ክፍል ለቀቅሁ። ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ርዕሰ መምህሩ ባደረጉት ንግግር በሃያ ዓመት ሰምቼው የማላውቀውን ምስጋና ሲያወርዱብኝ፣ የሞትኩ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ወረኢሉ ደርሼ ትምህርት ቢሮ ገባሁ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ኮምፒዩተሯን አየች፤ እኔን አየች፤ ደግማ ኮምፒዩተሯን አየች።

"መምህር፣ የእርስዎ ስም እኮ በቀይ ነው።"

"ቀይ ማለት?"

"አረንጓዴው የተፈቀደለት ነው፤ ቀዩ ያልተፈቀደለት።"

"እኔ ጋ ሁሉም ጥቁር ነው" ብዬ ስልኬን ዘረጋሁላት።

አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። "በእርስዎ ስልክማ ያመለከተው ሁሉ ተዛውሯል!"

እውነቷን ነው። የዞኑን አመልካች በሙሉ፣ አንድም ሰው ሳያስከፋ፣ በአንድ ጀንበር ያዛወረ ባለሥልጣን ከእኔ በቀር የለም። ግን ጥፋቱ የማን ነው? "አልተፈቀደም" ብሎ መጻፍ ሲቻል ቀለም ብቻ ቀብቶ የሚሄድ ሰው ምን ይሉታል? ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን ያለውስ ምን ይሁን? እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም፤ አረሙን ልንቀል ብዬ እህሉን አብሬ ነቀልኩት።

ወደ ትርንጎ ቤት ሄድኩ። እሷ ደጅ ቆማ ትጠብቀኛለች። ጥቅሌን የተሸከመልኝ ልጅ አውርዶት እስኪሄድ ጠብቄ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጥቅሌ ላይ ተቀመጠች።

"ይህን ማን ያውቃል?" አለች።

"እኔ፣ አንቺና የቢሮዋ ሴትዮ።"

"ትምህርት መቼ ይጀመራል?"

"የዛሬ ሳምንት ሰኞ።"

"እንግዲያው እስከ ሰኞ ተዛውረሃል" አለችና የጥቅሌን ገመድ መፍታት ጀመረች።