እሑድ ጠዋት ደጃችን የቆሙት ሦስት ሽማግሌዎች

የአገራችን ሰው አይዋሽም የምትሉ ካላችሁ፣ አስተያየት ጠይቃችሁ አታውቁም ማለት ነው። እስቲ ጨው የበዛበት ወጥ ለእንግዳ አቅርቡና «እንዴት ነው?» በሉት። ዓይኑ እንባ እያቀረረ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብሎ ይመርቃችኋል… ከዚያ አንድ ጣሳ ውኃ ይጠይቃል። ይህ ውሸት አይደለም፣ ጨዋነት ነው። እኔም አውቃለሁ። ችግሩ እንጀራዬ የተንጠለጠለው በዚህ ጨዋነት ላይ መሆኑ ነው።

ሥራዬ «የተጠቃሚ ልምድ አጥኚ» ይባላል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት የስልክ መተግበሪያ ይሠራል፤ እኔ ደግሞ ሰው መተግበሪያውን ሲጠቀም የት ላይ እንደሚደናገር፣ ምኑ እንደሚያናድደው አይቼና ጠይቄ እጽፋለሁ። አባቴ ሦስት ጊዜ ካስረዳኋቸው በኋላ «እና ለዚህ ደመወዝ ይከፍላሉ?» ብለውኛል። እናቴ ለጎረቤት «ሰው ስልክ ሲነካካ ቆማ ታያለች» እያለች ታስረዳለች። እውነት ለመናገር ከእኔ በተሻለ አስረድታዋለች።

የተቀጠርኩት ለሙከራ ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ለገበሬ የዝናብ ወሬና የእርሻ ምክር የሚናገር አዲስ መተግበሪያ ተሰጠኝና «አገርሽ ሄደሽ ፈትሺው» ተባልኩ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! አገሬ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው። አባቴ እስከ ጡረታ ያስተማሩት እዚያ ነው። እዚያ ያልተሳካልኝ የት ሊሳካልኝ ነው ብዬ ሄድኩ።

አርብ ዕለት ገበያ ወጥቼ ከአህያ ማሰሪያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ስማርት ስልክ ያለውን ገበሬ እየጠራሁ መተግበሪያውን እጭንለታለሁ። መጀመሪያ የመጡት አያ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። «እስቲ የነገን ዝናብ ያግኙልኝ» አልኳቸው። ዝናብ ፍለጋ ገብተው ካሜራው ውስጥ ወጡ፤ የገዛ አፍንጫቸውን ፎቶ አነሱ፤ በመጨረሻም ለአማቻቸው ደወሉ። እንዴት አገኙት ብዬ ጠየቅሁ።

«ድንቅ ነው። የማን ልጅ ነሽ?»

«የመምህር አድማሱ።»

«የመምህር ልጅ ነሽ? እንግዲያማ በጣም ድንቅ ነው።»

እናንተዬ፣ የዚያን ቀን የአባቴን ስም በጠራሁ ቁጥር ምስጋናው እጥፍ ይሆናል። በሳምንቱ አርብ ተመልሼ ጠየቅሁ፤ ያው ነው። አንዱማ መተግበሪያውን ከነጭራሹ አልከፈተውም፤ እሱም ድንቅ ነው አለኝ። «የፊት ምስጋና ለኋላ ሐሜት ያስቸግራል» ይባል የለ? እኔ ግን ምስጋናውን እንዳለ ሪፖርት አድርጌ ላክሁት።

ቅዳሜ ጠዋት አለቃዬ ደወለ። «እናኑ፣ እንከን የሌለበት ፈጣሪ ብቻ ነው። ይህ ነገር ሰውን የት ላይ እንደሚያስቸግር እስከ ሰኞ ካልነገርሽኝ፣ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለኝ። ባጃጅ ይዤ በየሰፈሩ ዞርኩ። እባካችሁ አንዲት ነገር እንኳ አማርሩልኝ ብዬ ለመንኩ። ያገኘሁት ምርቃት ብቻ ነው። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ሥራውን እወደዋለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃችን ላይ ቆሙ። አንዱ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። አንዱ አያ ሞላ፤ ሦስተኛው የእሳቸው ጎረቤት። አባቴ ግቡ፣ ቁጭ በሉ ቢሏቸው እምቢ አሉ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ። «ስለ ልጅዎ ነው።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ሦስት ሽማግሌ፣ ነጭ ጋቢ፣ አንቀመጥም… ይህ እኛ አገር የታወቀ ነገር ነው። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝና በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ጸጉሬን ታበጥረኝ ጀመር። የማን ልጅ ይሆን እያለች በሹክሹክታ ትጠይቀኛለች። አልዋሻችሁም፣ እኔም የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ባለ መነጽር ባለሙያ ትዝ አለኝ። በርጩማውን ያዋሰኝ እሱ ነበር። እሱም «ድንቅ ነው» ብሎኛል፤ ግን ስልኩን ሳይሆን እኔን እያየ ነው። ሥራውም ይቅር ብዬ ልጽናና ምንም አልቀረኝ።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጅቱ ገና ናት፤ ዘመድ አዝማድ ሳይመክርበት…»

«ለጋብቻ አይደለም የመጣን፣ መምህር። አቤቱታ ይዘን ነው።»

ጓዳ ውስጥ የእናቴ እጅ ማበጠሪያው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ልጅዎ በየሰው ስልክ ያስገባችው ነገር» አሉ መሪጌታ፣ «ማክሰኞ፣ በሰኔ ሚካኤል ማለዳ፣ ‹ዛሬ ለእርሻ ምቹ ቀን ነው› እያለ አገሩን ቀሰቀሰ። ሰው ለንግሥ ነጭ ለብሶ ሲወጣ፣ ይህ በየኪሱ ‹በሬህን ጥመድ› ይላል። የመምህር ልጅ በሚካኤል እረሱ ትላለች?»

ከዚያ አያ ሞላ ተቀበሏቸው። ስልኩ «ተሳስተሃል፣ እንደገና ሞክር» እንደሚላቸው፣ የገዛ ልጆቻቸው እንኳ አንተ ብለዋቸው እንደማያውቁ ተናገሩ። ቁልፎቹም ተጣብበው ስለተቀመጡ፣ እርፍ የለመደ አውራ ጣታቸው አንዱን ሲነካ ሦስቱ ይከፈታሉ። አማቻቸውማ በተደወለላቸው ቁጥር መርዶ እየመሰላቸው ሊያልቁ ነው።

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ሽማግሌ ፊት ልጅቱ ከጓዳ አትወጣም፤ እኔ ግን ጸጉሬ በግማሽ እንደተበጠረ ደብተሬን ይዤ ሮጬ ወጣሁና ከመጀመሪያው ቀስ ብለው እንዲደግሙልኝ ለመንኩ። እየጻፍኩ እንባዬ ይወርዳል፤ ደስታ ነው። እነሱ ጸጸት መስሏቸው ያጽናኑኛል።

«አያ ሞላ» አልኩ፣ «ገበያ ላይ ስጠይቅዎ ምነው አልነገሩኝም?»

«በገበያ መካከል የመምህርን ልጅ ላዋርድ? ነውር አይደለም ወይ ልጄ? የልጅ ጥፋት በአባት በኩል ነው የሚነገር።»

አባቴ «ታርማለች» ብለው ቃል ሲገቡ፣ ሽማግሌዎቹ ያኔ ተቀመጡ። እናቴ ለሌላ ጉዳይ ያሰበችውን ጠላ ቀዳችላቸው፤ ፊቷ ግን እስከ ማታ አልተፈታም።

ሰኞ ጠዋት ሰባት ገጽ እንከን ላክሁ። ሥራው ጸናልኝ። አለቃዬ ይህን የመሰለ ግልጽ አስተያየት በምን ዘዴ እንዳገኘሁ ጠየቀኝ። በሽምግልና አልኩት። አዲስ የወጣ ዘዴ መስሎት፣ ለሌሎቹ አጥኚዎች ሥልጠና እንድሰጥ አዘዘኝ።

መተግበሪያው አሁን በዓላቱን ያውቃል፤ ቁልፎቹ ሰፍተዋል፤ ታላላቆቹንም «እርስዎ» ይላል። ባለፈው ሳምንት ለሁለተኛ ዙር ፍተሻ ልወጣ ስል እናቴ በር ላይ አስቆመችኝ።

«ቅሬታ ያለው ሁሉ ሽማግሌ የሚልክ ከሆነ» አለችኝ፣ «የአሁኑን እንኳ ላላገቡት አሳዪ።»

አልነገርኳትም እንጂ ዝርዝሩን ቀደም ብዬ አውጥቼው ነበር። ተራ ቁጥር አንድ ላይ ያለው መነጽር ያደርጋል።