ወንድም ተሻገር ከራቁት ሐውልቶች ፊት

ለምእመናን ጥቅም ሲል አንዲት ታላቅ ከተማ ሳያያት ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው ምስጋና ይገባዋል። የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድም ተሻገር እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ባለችው ቤተ ክርስቲያኑ የሽማግሌነት እጩ ነው። ተፎካካሪው ወንድም አክሊል አምና ኢየሩሳሌም ደርሶ መጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ "እኔ እዚያ በነበርኩ ጊዜ" ሳይል ማዕድ እንኳ አይባርክም። ታዲያ ተሻገር ምን ያድርግ? ምርጫው እሑድ ነው። ከሥራ ኦፍ ጠየቀና ብቻውን፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደሰበከባት ወደ አቴና በረረ።

ጠዋት ጳውሎስ ቆሞበታል የተባለው ዐለት ላይ ወጣ። ዐለቱ በቱሪስት ጫማ ልሞ ያሟልጫል። ተሻገር አንድ እጁን መሬት አስይዞ፣ በሌላው ስልኩን ከፍ አድርጎ ፊቱን ሲቀርጽ ባለቤቱ ዕድላዊት ደወለች።

"የጥንቱ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ እንዴት ነው?"

"ከኋላዬ ነው መሰለኝ፤ ገና አላየሁትም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ዞር ብለህ እይ እንጂ!"

"ፊቴ ካልታየ መምጣቴን ማን ያምናል?"

እውነቱን ነው። ዓምድ ስንት ሺህ ዘመን ቢቆም በምርጫ ድምፅ አያስገኝም።

ከሰዓት ሙዚየም ገባ። ጉድ የፈላው እዚያ ነው። ለካ ግሪኮች ድንጋይና ነሐስ እንጂ ጨርቅ አልተረፋቸውም! "ጌታ ሆይ!" ብሎ ዐይኑን ጨፈነ፤ ምን እያለፈው እንደሆነ ለማወቅ ግን ገለጥ አደረገው። ይሄ በጉባኤ ስክሪን ላይ እንዴት ይታያል? መላ አያጣምና ኮቱን አውልቆ አንዱን የነሐስ ጎልማሳ ወገቡ ላይ ሊያሸርጠው ሲል ጥበቃዋ እየሮጠች ደረሰች።

"ጌታዬ፣ አይነካም!"

"ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው።"

ኮቱ ሲከለከል ገላውን ሰጠ። አዳራሽ ለአዳራሽ እየዞረ፣ አንዳንዴ ቀጥ ብሎ፣ አንዳንዴ በርከክ ብሎ፣ ነውር ባለበት ቦታ ሁሉ ፊት እየተደነቀረ ራሱን ሲያነሳ ዋለ። ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ደከመ፣ ምስኪን።

እሑድ ፎቶው በስክሪን ላይ ወጣ። ተሻገር መሐል ቆሟል፤ ከላይ የጎልማሳው ራስ፣ ከታች ባዶ እግሩ፣ የነሐስ ክንዱም የተሻገር ትከሻ ላይ ያረፈ ይመስላል። ከፊት ወንበር የተቀመጡት እማማ ካሰች መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"ተሻገር ልጄ፣ ይሄ ራቁቱን ያቀፈህ ሰውዬ ማነው?"

"ሐውልት ነው እኮ፣ እማማ!"

"ሐውልትስ ቢሆን ሱሪ የለውም?"

አክሊል ዘሎ ተነሣ። "ወገኖች፣ ይህ ነውር ነው! ነውር! እስቲ ዙም አድርጉት!"

ዙም ተደረገ። ጉባኤው በሐዘን ረጅም ሰዓት አየው።

የተሻገር እጩነት በዚያው ተሰረዘ። ይሁን እንጂ የነውሩን መጠን በፎቶ ብቻ መወሰን ለስህተት ስለሚዳርግ፣ በአክሊል ሰብሳቢነት ቦታው ድረስ ሄዶ በዐይኑ የሚያጣራ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወሰነ። ለሰንበት ትምህርት ቤት ጽዳት ሰው ባልተገኘባት ቤተ ክርስቲያን፣ ለዚህ ሸክም እጁን ያላወጣ አልነበረም። ተሻገር ደግሞ የኮሚቴውን ዐይን ጌታ ከፈተና እንዲጠብቅ፣ እስኪመለሱ ድረስ እየጾመ እንዲጸልይላቸው ታዘዘ።