ሐዋሳ ሊሄድ የተነሣው ታፈረ

በላሊበላ ሂያጅ የሌለው ሰፈር የለም። ሂያጅ ማለት የሄደ ሰው አይደለም። የሄደማ ሄዷል፤ በዓል ሲመጣ ይደውላል፣ እያደር ይረሳል። ሂያጅ ማለት ልሄድ ነው እያለ የሚኖር ሰው ነው። ጣራው ሲያፈስ «ለማን ብዬ ልጠግነው?» ይላል። አጥሩ ሲወድቅ «ልሄድ አይደል እንዴ?» ይላል። እሱ ስለ መንገዱ ሲያወራ ዝናቡ የሚወርደው በሚስቱ ራስ ላይ ነው።

የትናየት የደረሳት ሂያጅ ባሏ ታፈረ ነው። ሲመርራት «ክቡርነታቸው» ትለዋለች።

ክቡርነታቸው አስጎብኚ ነበሩ። ባጃቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲናገሩ ፈረንጁ ካሜራውን ረስቶ አፋቸውን ያይ ነበር። በኋላ በሽታው መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ እንግዳው ቀረ። የትናየት የሆቴል አንሶላ ታጥብ ነበር፤ የሚተኛበት ሲጠፋ አንሶላውም መቆሸሹን ተወ። ያኔ ነው ወንድሟ ደሴ ከሐዋሳ የደወለው። ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ይሠራል። «ቋንቋ የሚያውቅ እንግዳ ተቀባይ ይፈልጋሉ። ታፈረ ቤተሰቡን ይዞ ይምጣ፤ ጓሮ ሁለት ክፍል አለኝ» አለ።

ታፈረ ስልኩን ሳይዘጋ ወሰነ። መወሰን አስቸግሮት አያውቅም፤ በየጠዋቱ ይወስናል። ከዚያ ማጥናት ጀመረ። ሐዋሳ ደርሶ የመጣ ሾፌር ሁሉ ሻይ ተጋበዘ። ውሃው እንዴት ነው፣ ወባው ይበረታል ወይ፣ ከመናኸሪያው ወጥቶ የትኛው መታጠፊያ ነው? ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ሐይቁ ዓሣ ያወራል። ብልባላ ገበያ ፍየል ሊሸጥ የመጣውን ገበሬ ይዞ «የሐዋሳ አየር ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ» ይለዋል። ጎረቤቱ ለመንገዱ በሶና ቆሎ አመጣ። መረቀም።

ከዚያ ወሩ በገባ በሃያ ሦስት የጊዮርጊስ ማኅበር ደረሰ።

የማኅበር ሥርዓት የታወቀ ነው። ተበልቶ ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ ቄሱ ጸልየው ጽዋውን ለተረኛው ያስረክባሉ። የተቀበለ ሰው ወሩን ሙሉ ጽዋውን ቤቱ ያስቀምጣል፤ በወሩ ደግሶ ለሚቀጥለው ሳያስረክብ አገር ለቆ አይሄድም። ተረኛው ጎረቤታቸው አዳም ነበር። ታፈረ ግን ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። በችግር ዘመን የድግስ ወረፋ የሚቀማን ሰው ማን ይጠላል? አዳም ፈገግ ብሎ ለቀቀለት።

«ተረኛው አዳም አልነበረም እንዴ?» አለች የትናየት እቤት ሲገቡ።

«አዳም ቸግሮታል። ደግሞስ የጊዮርጊስን ደጅ ዝም ብዬ ጥዬ ልውጣ? ደግሼ ተመርቄ ብሄድ አይሻልም?»

«ደሴ በዚህ ሳምንት ድረሱ ነው ያለው።»

«ከጊዮርጊስ ደሴ ይበልጣል?»

ይበልጣል የሚል ክርስቲያን ከየት ይመጣል? የመንገዱ እህል ጠላ ሆነ፣ ሆቴሉም ሌላ ሰው ቀጠረ።

ጦርነቱ ሲያልፍ ደሴ እንደገና ደወለ። አሁን ደግሞ እንግዳ በጀልባ የሚያዞር ሰው ተፈልጎ ነው። ክቡርነታቸው ወሰኑ፤ ለቆራጥነታቸው ምልክት እንዲሆን አልጋውን ሸጡ። ማኅበሩ ደረሰ፤ «ከጥይት ላተረፈኝ ጌታ ምን ከፈልኩ?» ብለው ጽዋውን ተቀበሉ። ጀልባው ያለ ታፈረ ሄደ። አልጋውም አልተመለሰም፤ የትናየት መሬት ላይ መተኛት ለመደች።

«የትዬ፣ ሐዋሳ እንዴት ናት?» ትላት ጀመር የአዳም ሚስት ይማርሽ፣ ቦኖ ውሃ ሲቀዱ። «ከርማችሁ መጣችሁ አሉ።»

«ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች።»

ዘንድሮ ግን ቀልዱ አለቀ። በጾሙ መግቢያ ከብልባላ ሽማግሌዎች መጡ፤ የእነ ታፈረን ልጅ ሰብሌን ለአንድ ባለ መሬት ልጅ ሊጠይቁ ነው። ሰብሌ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ትምህርት ቤቱ ስንት ጊዜ ተዘግቶባት፣ ስንት ጊዜ ቀጥላለች። ታፈረ «አልሰጥም» ማለት ነውር መሰለውና የለመደውን ተናገረ።

«ልጅቷ አትቀመጥም። ወደ ሐዋሳ ልንሄድ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የታፈረ ሐዋሳ ብልባላም ትታወቃለች።

«እንግዲያው ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን» አሉ ትልቁ፣ በትራቸውን ተደግፈው እየተነሡ። «ካልሄዳችሁ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

በዚያው ሰሞን ደሴ ደወለ። «የትናየት፣ አሁንም ቦታ አለ። ይኼ ግን መጨረሻዬ ነው፤ በእናንተ ምክንያት አለቆቼ ፊት አፍሬያለሁ።»

የትናየት ለባሏ ምንም ሳትናገር ነጠላዋን አጣፍታ የነፍስ አባታቸው ወደ ሆኑት ወደ አባ ሰውነት ሄደች። ማኅበሩን የሚባርኩትም እሳቸው ናቸው።

«አባ፣ ታፈረ ጽዋውን ልቀበል ቢልዎት አይስጡት።»

«ልጄ፣ ጊዮርጊስን ቤቴ ላሳድር የሚልን ሰው ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

«ተረኛው አዳም ነው።»

«አዳም እንደሆነ ተራውን ሲለቅ ደስታውን አይችለውም።»

«ለአዳም ሚስቱ ትነግረዋለች።»

አባ ሰውነት መስቀላቸውን አገላበጡ። «ተራው የአዳም ነው እላለሁ። እውነት ነውና እላለሁ። ሌላ ነገር እንዳትጨምሪብኝ።»

ይማርሽ ነገሩን ስትሰማ አላሾፈችም። «ይልቀቅና ያየኛል» ብቻ አለች።

ማኅበሩ የወሩ ደጋሽ አለሜ ቤት ነበር። ጾም ነውና ንፍሮና ዳቦ ቀረበ፣ ጠላው ዞረ። አባ ሰውነት ጸሎቱን ጨርሰው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ሲያነሡ ታፈረ ጋቢውን መስቀለኛ አጣፍቶ ቆሞ ነበር።

«አባ፣ መንገደኛ ነኝና በረከቱን ይዤ ልሂድ።»

«ይዘህ ልትሄድ ነው ወይስ ይዘህ ልትቀመጥ?» አለ ደጋሹ አለሜ። ሰዉ ሳቀ።

«ተራው የአዳም ነው» አሉ አባ።

አዳም ዳቦውን ማኘክ አቁሞ ቀና አለ። ይማርሽ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች። አየት አደረጋትና ተነሣ፤ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ታፈረ መዳፉን እንደዘረጋ ቀረ። ባዶውን መመለስ የከበደው ይመስል ነበር። አባ ሰውነት ቁራሽ ዳቦ አንሥተው መዳፉ ላይ አኖሩለት። ያኔ ተቀመጠ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እኩል መንገድ ላይ ታፈረ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺ ነሽ» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ከጊዮርጊስ ጋር ልታጣይኝ?»

«ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፣ ታፈረ።»

ቆመ። ዳቦው አሁንም እጁ ውስጥ ነው። «እዚህ ሥራ ባይኖረኝም ታፈረ ነኝ» አለ። «ካህኑም ባለ ባጃጁም በስሜ ይጠራኛል። እዚያ ግን ማን ነኝ? ሻንጣ አንሣ የምባል ሽማግሌ ነኝ። ጺሙ ያልበቀለ ልጅ ‹አንተ፣ ና ወዲህ› ይለኛል።»

የትናየት ለጠብ ያጠራቀመችውን ንግግር ሁሉ ተወችው።

«ይኼን መጀመሪያ ብትነግረኝ» አለች፣ «አልጋችን ይተርፍ ነበር።»

በማግስቱ ለደሴ ደወለች። «ሰው ልልክልህ ነው፤ እኔን።»

«ቋንቋ ትችያለሽ እንዴ?»

«የአንሶላ ቋንቋ እችላለሁ። ላውንደሪ የላችሁም?»

ነበራቸው።

ሰብሌን ይዛ እንደምትሄድ ለታፈረ ስትነግረው አልተቆጣም። ጋቢው ውስጥ ገብቶ ብዙ ካሰበ በኋላ «ለሽማግሌዎቹ እኔ እመልሳለሁ» አለ። «ሰብሌ ሄዳለች እላቸዋለሁ። ለአንድ ቀን እንኳ እውነት ልናገር።»

በሚሄዱበት ጠዋት ጓዙን ተሸክሞ መናኸሪያ አደረሳቸው። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ መቀመጫ ያዘላቸው፤ አልወርድ አለ። «ሐዋሳ ስትደርሱ ከመናኸሪያው በቀኝ ውጡ። ሲኒማ ቤቱን አልፋችሁ ትልቅ ዋርካ አለ። ከዋርካው በግራ ስትታጠፉ ወፍጮ ቤት ታገኛላችሁ። የደሴ ግቢ ከወፍጮው ጀርባ ነው። ማንንም አትጠይቁ፤ ጠያቂን ሌባ ያውቀዋል።» ድምፁ ያ የአስጎብኚው ድምፅ ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወሬውን ትቶ አዳመጠ።

«የሐዋሳ ሰው ነዎት?» አሉት ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ።

«ልሄድ ነው» አለና ወረደ።

የትናየት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰብሌ እናቷ የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ አላወቀችም።

መንገድ ላይ አድረው ሐዋሳ ደረሱ። በቀኝ ወጡ። ሲኒማ ቤት የለም፤ ባንክ ነው። ዋርካም የለም፤ አስፋልቱ ሰፍቶ አልፎበታል። በግራ ሲታጠፉ መንገዱ ከአንድ ግንብ ጋር አጋጠማቸው። ያን ለታፈረ የነገረው ሾፌር በወጣትነቱ አይቶት ይሆናል። ባለ ሱቅ ጠየቁ፣ ትራፊክ ጠየቁ፣ ባጃጅ ተሳፍረው ተሳሳቱ። በመጨረሻ ደሴ ራሱ ፈልጎ አገኛቸው።

ጓዙን ሳያወርዱ ስልኩ ጮኸ።

«አገኛችሁት?» አለ ታፈረ። ከኋላው የሰው ድምፅ ይሰማል፤ አዳምም አለ፣ ይማርሽም አለች፤ ሰፈሩ ከቦት ቆሟል።

ሰብሌ ለመሳቅ አፏን ስትይዝ የትናየት በዓይኗ ገሠጸቻት።

«እንዳልከው ነው» አለች። «ሲኒማ ቤቱም፣ ዋርካውም፣ ወፍጮውም። ማንንም ሳንጠይቅ ደረስን።»

ታፈረ ስልኩን ከጆሮው አራቀ። ቢሆንም ይሰማታል። «ሰማችሁ?» ይላቸዋል፣ በዚያው በአስጎብኚው ድምፅ። «ማንንም ሳይጠይቁ።»